ከጊዮርጊስ ማሊያ እስከ ካፍ ወንበር፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘን መጥተናል። ቪዲዮ ስላልሆነ ዳታ አይበላም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ቀን ሙሉ ጥላ ሲፈልግ የዋለ ልጅ ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣል። አንዱ የአርሰናል፣ አንዱ የማንቸስተር፣ አንዱ የሳንጅዬን ማሊያ ለብሷል። ጫማ ያለውም የሌለውም እኩል ይሮጣል። ሲመሽ ደግሞ ያው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ሲሆን ቦታ አይገኝም። የዓለም ዋንጫ ሲሆንማ በር ላይ ቆሞ ማየትም ዕድል ነው።

ለ2026ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ አፍሪካ 9 ቀጥታ ቦታ አላት። አሁን ይሄን ስንሰማ ተራ ነገር ይመስለናል። ግን እኮ አንድም የተረጋገጠ ቦታ ያልነበራት ጊዜ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ የሚባል ውድድር ራሱ ያልነበረበት ጊዜም ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን መሰለፍ በሕግ የተከለከለበት አገርም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲቀየር ከፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሐበሻ ነው። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፣ ታሪኩን ግን በደንብ አናውቀውም። ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ።

(ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጁን ስንጠቀም እ.ኤ.አ. እንላለን።)

የእንቁጣጣሽ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። ቀኑን ልብ በሉልን፣ እንቁጣጣሽ ነው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እኚህ ሰው ደግሞ የራሳቸው ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። የተወለዱት ምንጃር ነው፣ ማለትም የእኛው ሰሜን ሸዋ ውስጥ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሀገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ዘፈኖች የሳቸው ናቸው። በግጥማቸውና በጨዋታቸው የታወቁ፣ መኪና በማያውቅ ሀገር ስለ መኪና የተማሩ፣ የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ነበሩ። ልጃቸው ይድነቃቸው በኋላ የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበዋል።

እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ሁለት ነገር ይወርሳል፤ አንደበትና ድፍረት። ይድነቃቸው ሁለቱንም ወደ ኳስ ሜዳ ይዘዋቸው ሄዱ። ከዚያም ወደ ትልልቅ የስብሰባ አዳራሾች።

ጊዮርጊስ ሲወለድ ሀገር ጦርነት ላይ ነበረች

እዚህ ላይ ስለ ክለቡ ካላወራን የሰውየው ታሪክ አይገባንም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1935) አዲስ አበባ፣ አራዳ ነው። ሁለት ስሞች ከምሥረታው ጋር ይነሳሉ። አንዱ አየለ አትናሽ፣ ሌላው ጆርጅ ዱካስ። የመጀመሪያው ሐበሻ፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ይኖር የነበረ የግሪክ ተወላጅ። የሀገራችን አንጋፋ ክለብ ከመጀመሪያውም የአንድ ዘር ክለብ አልነበረም ማለት ነው።

ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። ጣሊያን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ወረራውን ጀምሯል። ክለቡ ከተመሠረተ ወራት እንኳ ሳይጠግብ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ይድነቃቸው ያኔ 14 ዓመታቸው ነበር።

ፋሺስቶቹ ኳስን አልከለከሉም። ያደረጉት ከዚያ የባሰ ነው። ለዩት። ጣሊያኖቹ ለብቻቸው፣ ሐበሾቹ ለብቻቸው እንዲጫወቱ አደረጉ። አብሮ መጫወት፣ ተጋጥሞ መሸናነፍ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የበላይ ነኝ የሚል ሰው ሜዳ ላይ ቢሸነፍ ምን ይባላል? ኳስ ቆዳህን አይቶ አይገባም። ስለዚህ ጨዋታው ራሱ ለነሱ አደገኛ ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስምም ተነሳ። በምትኩ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶቹ መለያ ከሆነው ምልክት የተወሰደ ቃል ነው። አስቡት እስኪ፣ የሰፈራችሁን ቡድን ስም ቀምተው የወራሪውን ስም ሲለጥፉበት።

ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ወጣትነት የተሻገሩት በዚህ አምስት ዓመት ውስጥ ነው። ሰው ለኳስ ፍቅር በሚይዘው ዕድሜ፣ ኳስ ሰውን ለማዋረድም እንደሚውል አዩ። የቀረው ሕይወታቸው ሁሉ የዚህ ትምህርት መልስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስሙ ሲመለስ

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የክለቡም ስም ተመለሰ። ሊቶሪዮ ቀረ፣ ጊዮርጊስ መጣ።

የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ኳሷ የሚገርም ነበር። የአርመኖቹ አራራት አለ። የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ አለ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ አለ። ቢ.ኤም.ኤም.ኢ. የሚባል የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድንም አለ። የሐበሻው ደግሞ ጊዮርጊስ። ትናንት ከነጭ ጋር አትጋጠሙም የተባሉት ልጆች አሁን ፊት ለፊት ገጠሙ። ለከተማው ሕዝብ እነዚያ ጨዋታዎች ከነጥብ በላይ ነበሩ። ሰው ሜዳ የሚወጣው ክብሩን ሊያይ ነው።

ይድነቃቸው በዚህ ቡድን ውስጥ ጎል አግቢ ነበሩ። ለረጅም ዓመታት ያንን ማሊያ ለብሰዋል፣ ለብሔራዊ ቡድንም ተጫውተዋል። ከጊዮርጊስ ውጭ ሌላ ክለብ አላማራቸውም።

ግን ከሌላው ተጫዋች የሚለያቸው አንድ ነገር ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አይሄዱም። ሜዳውን ማን አዘጋጀ? ዳኛውን ማን መደበ? ሕጉን ማን ጻፈ? ዝርዝሩን ማን ያዘ? ይሄ ነው የሚያሳስባቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት፣ እግሩ ላይ የኳስ ጫማ፣ እጁ ላይ ብዕር።

የመጀመሪያው የሀገር ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፣ ያነሳውም የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ጊዮርጊስ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ፈረሰኞቹ ከ25 በላይ የሊግ ዋንጫ ያላቸው፣ በሀገሪቱ የሚስተካከላቸው የሌለ ክለብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኑ። የቡና ደጋፊዎች አትቆጡን፣ ታሪክ ነው የምንናገረው።

አራት አገር፣ አንድ ጥያቄ

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ።

በ1940ዎቹ አብዛኛው አፍሪካ ገና ቅኝ ግዛት ነው። በፊፋ ውስጥ የነበሩት የአፍሪካ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ዋነኞቹ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሊዝበን ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ እነዚህ አገሮች ተሰባስበው የራሳችን ኮንፌዴሬሽን ያስፈልገናል አሉ። የኢትዮጵያን ጉዳይ ከያዙት ሰዎች ውስጥ ይድነቃቸው ነበሩ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍ ተመሠረተ። ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሆነ። አራት አገር ናቸው፤ ሁለት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ከዚያ ፍጻሜ። በቃ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓት ሥር ነበረች። ያቀረበችው አማራጭ ወይ ሁሉም ነጭ የሆነ ቡድን፣ ወይ ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን ልላክ የሚል ነው። የተቀላቀለ ቡድን ግን አይሆንም አለች።

አንዳንድ ሰው ጥቁር ቡድን ከመጣ ምን ችግር አለው ሊል ይችላል። እነ ይድነቃቸው ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ቡድን ቀለም አይደለም። ችግሩ መለየቱ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ያደረገውም ይሄንኑ ነበር፤ ሐበሾቹም ይጫወቱ፣ ግን ለብቻቸው። ስለዚህ የካርቱሙ መልስ አጭር ሆነ፤ የተቀላቀለ ቡድን ካልመጣ ጨዋታ የለም። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች።

ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። የካቲት 9 ቀን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚባል ተጫዋች ነው። ሽንፈቱ ከባድ ነበር። በዚያ ሳምንት የተወሰነው ውሳኔ ግን ከዋንጫው በላይ ዕድሜ ነበረው።

ጥር 13 ቀን 1954

አምስት ዓመት አለፈ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። አሰልጣኙ ማን ነው? ይድነቃቸው ተሰማ።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከዚያ ጥምቀት ገባ። ታቦት ገብቶ፣ የሚካኤልም አልፎ፣ በማግስቱ ጥር 13 ቀን ፍጻሜው ሆነ። ተጋጣሚው? ያው ግብፅ። የሁለቱን ዋንጫዎች ባለቤት።

የቡድኑን ዝርዝር ስታዩ የሰውየው እምነት እዚያ ውስጥ አለ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፣ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት አለ። ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአስመራ ልጆች ናቸው። ከነሱ ጎን የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ። ጣሊያን ከወጣ ገና 21 ዓመት ነው፣ ቁስሉ አልደረቀም። ይድነቃቸው ግን ሰውን በአባቱ አልመዘኑም፤ በእግሩና በልቡ እንጂ።

ጨዋታው ልብ የሚያቆም ነበር። ግብፅ ቀድማ አገባች። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ በደቂቃ ልዩነት ግብፅ እንደገና መራች። አለቀ ሲባል 84ኛው ላይ አምበሉ ሉቻኖ አገባ። 2 ለ 2። ተጨማሪ ሰዓት። 101ኛው ደቂቃ ላይ ኢታሎ፣ 117ኛው ላይ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2!

ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን። እስከ ዛሬ ያለን አንድ ዋንጫ ይሄ ነው።

ወንበር የሌለው ማዕድ

ይድነቃቸው በዚህ ብቻ ቢያቆሙ እንኳ ስማቸው ይቀር ነበር። ትልቁ ትግል ግን ገና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ ለምታዘጋጀው የዓለም ዋንጫ ፊፋ 16 ቦታ አከፋፈለ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በድምሩ ስንት ደረሰ? አንድ። ሦስት አህጉር፣ አንድ ቦታ። አፍሪካን ያሸነፈ ቡድን እንኳ ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። በዚህ ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ወደ እስያና ኦሺኒያ ማጣሪያ አስገብቷት ነበር። ከአፍሪካ የተባረረችው በሌላ በር ልትገባ ማለት ነው።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ ጉዳዩን ይዘው ተነሱ። ከጀርባቸው የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማህ ነበሩ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ለአፍሪካ ቢያንስ አንድ ቀጥታ ቦታ። ፊፋ እምቢ አለ። አፍሪካም እምቢ አለች። ለማጣሪያው ተመዝግበው የነበሩት 15 የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ወጡ። ኢትዮጵያም ጭምር።

ይሄ ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። ያኔ የኢትዮጵያ ቡድን አፍሪካን ያሸነፈ ጠንካራ ቡድን ነበር። እነ መንግሥቱ ወርቁ ምርጥ ዕድሜያቸው ላይ ነበሩ። ያንን ዕድል ትተን ወጣን። የሚገርመው፣ በዚያ የዓለም ዋንጫ 9 ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነው ዩሴቢዮ ነው። የሞዛምቢክ ልጅ፣ የፖርቱጋልን ማሊያ ለብሶ። አፍሪካ በቡድን ባትኖርም እግሯ እዚያ ነበረች።

መስዋዕትነቱ ግን ፍሬ አፈራ። ከእ.ኤ.አ. 1970ው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ አፍሪካ አንድ ቀጥታ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 ስታሸንፍ የመጀመሪያው የአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ድል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ። ዛሬ 9 ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ሴኔጋልና ሞሮኮን ስንደግፍ፣ ያ ወንበር በማን ተጋድሎ እንደመጣ ማወቅ ደስ አይልም?

የካፍ ወንበር

እ.ኤ.አ. በ1972 ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። አራተኛው ናቸው። ወንበሩ ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት ቆዩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በመሀል ሀገራቸው ላይ ንጉሡ ወርደው ደርግ መጥቷል። አፍሪካ ግን ሰውየዋን አልቀየረችም።

በፊፋ ውስጥ የአፍሪካ ድምፅ መቆጠር የጀመረው በዚህ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ብራዚላዊው ዦአኦ ሃቬላንዥ እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን አሸንፎ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ራውስ ለነጮቹ የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ያዘነብላሉ ተብለው በአፍሪካውያን ዘንድ የተወደዱ አልነበሩም።

የደቡብ አፍሪካው ጉዳይ ያኔም አላለቀም ነበር። ፊፋ አንዴ ያግዳል፣ አንዴ ያነሳል፣ መልሶ ያግዳል። ሰኔ 1968 ዓ.ም. ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ፣ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ የእናንተ ዕድሜ ልጆች ነበሩ። በወሩ ሐምሌ ላይ ፊፋ ሞንትሪያል ተሰበሰበና ደቡብ አፍሪካን ሙሉ በሙሉ አባረረ። ካርቱም ላይ ከተነሳው ጥያቄ 19 ዓመት በኋላ።

በዚያው ወር፣ በዚያችው ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ነበር። ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ በመጫወቷ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ትተው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ያ ዕድል አመለጠው። ከ4 ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ እንጂ፣ ያ ዓመት ግን አልተመለሰም። መርህ ዋጋ አለው። ዋጋውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ሯጩና ተጫዋቹ ናቸው።

የተከራከሩበት ሌላ ጉዳይ

ይድነቃቸውን ያለ ስህተት አድርገን ልናቀርብላችሁ አንፈልግም። ዛሬ ብዙዎቻችን የማንስማማበት አቋምም ነበራቸው።

የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸውን አይወዱም ነበር። ቡና እና ካካዎ በጥሬው እየሄደ እንደሚቀር፣ ልጆቻችንም በዚያው መንገድ ሄደው የራሳችን ሜዳ ባዶ ይሆናል ብለው ይሰጉ ነበር። ለረጅም ጊዜ ካፍ በውጭ የሚጫወቱ ልጆች በአፍሪካ ዋንጫ እንዳይበዙ ገደብ ነበረው። ኳስ የገንዘብ ብቻ እንዳይሆን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር።

አሁን ይሄንን ለአንድ የቆላ ልጅ ብትነግሩት ይስቃል። አውሮፓ ሄዶ መጫወት የማይመኝ ማን አለ? ቤተሰብ ይለወጣል፣ ሰፈር ይለወጣል። እውነት ነው። ግን የሳቸውም ሥጋት ባዶ አልነበረም። ማታ ማታ የእንግሊዝን ኳስ የሚያይ ሰው ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቶ፣ የራሳችን ሊግ ጨዋታ ላይ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እናያለን። ሁለቱም እውነት ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

በቡሄ ቀን

ይድነቃቸው በመጨረሻ ዘመናቸው በካንሰር ታመሙ። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። 66 ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ነበር የቀራቸው። ቀኑን አያችሁት? ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ። ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን።

አፓርታይድ ሲወድቅ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋና ካፍ ተመለሰች፤ በተቀላቀለ ቡድን። እ.ኤ.አ. በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች፣ ጥቁሩም ነጩም አንድ ማሊያ ለብሶ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን አዘጋጀች። ከካርቱም የተባረረችው አገር መሆን የነበረባትን ሆና መጣች።

አሁን ደግሞ እኛን ያስደነቀንን ነገር እንንገራችሁ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ወይ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። አዘጋጇ ማን ነበረች? ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ጨዋታችን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ተጫውተን፣ የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገንን ጎል አገባ። 1 ለ 1። ያ ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን ነው። ይድነቃቸው ዋንጫ ባነሱበት ቀን፣ ልክ በ51 ዓመቱ። ይድነቃቸው የተለያየ ቡድን አንቀበልም ብለው በር በዘጉባት አገር፣ በሩ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ።

ወደ ሜዳችን እንመለስ

ይሄንን ታሪክ ዛሬ ያነሳነው ለጊዮርጊስ ደጋፊ ብቻ ብለን አይደለም።

ይፋት ምን ዓይነት አገር እንደሆነች እናውቃለን። በአንድ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛል። አዛንና ቅዳሴ በአንድ ሰፈር ይሰማል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬና ካራቆሬ የሆነውንም እናውቃለን። ብዙ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ፣ አብረው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ተራርቀው ከረሙ።

ሜዳ ላይ ቡድን ስንከፍል የዚህ ሰፈር፣ የዚያ ሰፈር እንላለን። ያ ጨዋታ ነው፣ ችግር የለውም። ግን ሰውን በዘሩ ወይ በሃይማኖቱ ለይቶ አንተ እዚያ ተጫወት የሚል ነገር ሲመጣ፣ ነገሩ ኳስ መሆኑ ያበቃል። ይድነቃቸው ያንን በ14 ዓመታቸው አይተውታል፣ በ35 ዓመታቸው ካርቱም ላይ አስቆሙት፣ እስኪሞቱም አልተዉትም። እኛ ደግሞ ያንን ለማድረግ ካርቱም መሄድ አይጠበቅብንም። ነገ አስር ሰዓት ላይ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያይ፣ ማንም ያልጠራው ልጅ ካለ፣ ግባ በሉት። በቃ ይሄ ነው።

እናንተስ? በሰፈራችሁ ሜዳ ላይ ሁሉንም ልጅ ሰብስቦ ያጫወተ፣ ኳስ ከኪሱ የገዛ፣ ጭቅጭቅ ሲነሳ የሚዳኝ ታላቅ ወንድም ወይ አባት የለም? ይኖራል። እሱን አመስግኑት፣ በሕይወት እያለ።

መልካም ምሽት፣ ቤተሰብ!